ቅቤ የተቀባችው ድመት

ባለፈው ጥር ነው። አዲስ አበባ እንደዚያ ደርቃ አታውቅም፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ አቧራው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ልጄ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን ስታይ የጎረቤታችን ድመት እንደ ልማዷ በመስኮት ገብታ ጉልበቷ ላይ ወጣች። ልጄ ልትዳብሳት እጇን ስትዘረጋ «ጠሽ!» የምትል ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ድመቷ ወደ ጣሪያ፣ ልጄ ወደ ወለል። «እማዬ! ድመቷ በእሳት ነከሰችኝ!» ብላ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት አትበሉኝ፤ ያቺን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ስንት ዘመን ጠፍታ ቆይታ ድንገት ቤቴ ድረስ ስትመጣብኝ ከልጄ ጎን ቁጭ አልኩ። ጅዳ ታየችኝ። ሳፋ ሰፈር፣ የሲቲ ክፍል፣ ደፋያ የምንለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የጋለ ብረት ሽታ፣ ነጯ ድመት ሉሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኻልቲ ሐዋ።

ጅዳ ያደግን የሐበሻ ልጆች የእናቶቻችንን ጓደኞች በሙሉ «ኻልቲ» ነው የምንላቸው፤ አክስቴ እንደማለት። ሥጋ ዘመድ ባሕር ማዶ በቀረበት አገር አክስት የሚገኘው ከጎረቤት ነው። እኔ ግን ኻልቲ ሐዋን አልመረጥኳትም፣ እሷ ናት የመረጠችኝ። ወላጆቼ ወደሚሠሩበት ቤት በሠራተኝነት የመጣች ዕለት ሻንጣዋን ግቢው መሐል አቁማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ይቺ ፀጉሯ እንዲህ የተንጨባረረው ሰው የላትም እንዴ?» አለች። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሬ የእሷ ሆነ፤ ሹሩባ ስትሠራኝ ዓይኔ እስኪጠብ ነበር የምትስበው።

ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነጭ ቪላ ነበር። አባቴ የቤቱ ሹፌር፣ እናቴ ምግብ አብሳይ ስለሆኑ እኛ ግቢው ጥግ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የምንኖረው። በዚያ ዘመን ሳፋ ውስጥ የሐበሻ ልጅ የሌለበትን ቤት በመብራት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጡ ሴቶች በየቪላው ነበሩ፤ የሚተያዩት ግን ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ብቻ ነው። ጥቁሩን ፌስታል ይዘው ገንዳው ጋ ይቆማሉ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ስለ ኢቃማ፣ ስለ አገር ቤት፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች በአንድ ትንፋሽ ተነጋግረው ይበተናሉ። ኻልቲ ሐዋ ለዚህ ስትል ባዶ ፌስታል በወረቀት ሞልታ ስትወጣ አይቻታለሁ።

ረጅም ነበረች፤ ጥርሷ ፍንጭት፣ አንገቷ ቀጥ ያለ። ስትራመድ ሰው ቤት የምታገለግል ሳትሆን መሬቷን ልትጎበኝ የወጣች ባለርስት ነበር የምትመስለው። የቤቱ እመቤት ማዳም «ያላ! ያላ!» እያለች ስታጣድፋት በፈገግታ በአማርኛ፣ «ያላ ለበቅሎ ነው እመቤቴ፣ እኔ እግር አለኝ» ትላታለች። ማዳም ምርቃት እየመሰላት «አሚን» ትል ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ጉንጯን ነክሳ ሳቋን ትውጣለች።

ሥራዋ ሁለት ነገር ነበር፤ ሲቲና ሉሉ። ሲቲ በሒጃዝ ሰዎች አፍ አያቴ ማለት ነው፤ የማዳም አማት ነበሩ፣ ተወልደው ያደጉት መካ። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ከጥላ በስተቀር ብዙ አያዩም፣ እግራቸውም ደክሟል። ውለው የሚያድሩት ያቺን ነጭ የሺራዝ ድመት ጭናቸው ላይ አስተኝተው እየዳበሱ ነበር። ሉሉ ፀጉሯ እንደ ጥጥ ባዘቶ ነው፤ ኩርፍ ያለች፣ አፍንጫዋ ፊቷ ውስጥ የገባ፣ ከቤቱ ሁሉ የሲቲን እጅ ብቻ የምትፈልግ ድመት ነበረች። ሲቲ ቀኑ መምሸቱን የሚያውቁት ሉሉ ተነስታ ስትንጠራራ ነው ይባል ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኻልቲ ሐዋ ሳውዲ የመጣችው እንደ ሰው ሁሉ ሠርታ ቤተሰቧን ልትረዳ ነው። አንድ ሌላ ጉዳይ ግን ነበራት፣ እሱን ለማንም አትደብቅም፤ ሐጅ። እናቷ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለች ቀበሌ ቁጭ ብላ «ልጄ ሐጃ ሆና ሳላይ አላህ አይውሰደኝ» የምትል አሮጊት ናት። ኻልቲ ሐዋ ከዚያ በፊት የሠራችባቸው ቤቶች መካ በመኪና አንድ ሰዓት ርቀት ላይ እያለች አንዴም አልፈቀዱላትም። አንደኛው ቤት ሥራ በዛ፣ ሌላው ቤት ልጅ ተወለደ። በዚያ ዓመት ግን ሲቲ፣ «የመጨረሻ ሐጄ ነው፤ ልጆቼ ይወስዱኛል፣ ወንበሬን የምትገፋው ይቺ ልጅ ናት» ብለው ቆረጡ። ያኔ ሐጅ የሚውለው በብርዱ ወራት ነበር። ኻልቲ ሐዋ ነጭ ልብሷን አሰፍታ፣ አጥባ፣ ተኩሳ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠች። በየቀኑ ከፍታ ታየዋለች። «አንቺ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» ሳትለኝ አታስነካኝም ነበር።

ጅዳ ደግሞ ብርድ አላት እንዴ የሚል ሰው ይኖራል። ወትሮ ወዝና ላብ ናት፤ ሸሚዝ ከገላ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ግን ከሰሜን የሚመጣው የበረሃ ንፋስ ሲነሳ አየሩ አጥንት ድረስ ይደርቃል። ሲቲ ብርድ አይችሉም፤ ክፍላቸው መስኮት ተዘግቶ፣ ደፋያው ሦስት ቀይ ዘንጎቹን አግሎ፣ ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ፣ አልጋው ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። ቀን ቀን ለእንቅልፍ መጋረጃው ሲጋረድ ክፍሉ ድቅድቅ ይላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ኻልቲ ሐዋ ሉሉን በላስቲክ ብሩሽ ስታበጥር ሰማያዊ የእሳት ፍንጣሪ ሲዘል በዓይኔ አየሁ። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ።

«ሱብሃነላህ!» አለች ኻልቲ ሐዋ። «ይቺ ድመት ባትሪ ውጣለች?»

መጀመሪያ ሳቅንበት። የበር እጀታ ሁሉ ይቆነጥጥ ጀመር፤ ሻሿን ስታወልቅ ፀጉሯ ተነስቶ ይቆማል፤ ሉሉ ደግሞ ብርድ ልብሱ ተጣብቆባት እየጎተተችው ስትሮጥ ነብር ድመት የሚያሳድድ ይመስል ነበር። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። አንድ ቀን ሲቲ የሉሉን ጆሮ ሊያሻሹ እጃቸውን ሲዘረጉ ፍንጣሪው ጣታቸውን መታቸው፤ ደንግጠው እጃቸውን ሲሰበስቡ የሻይ ብርጭቆው ቀሚሳቸው ላይ ተደፋ። ሻዩ ትኩስ አልነበረም፣ አላህ ከለከለ። ሉሉ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሲቲን ፈራቻቸው። ስማቸውን የምትጠራ ይመስል ቁማ ታያቸዋለች እንጂ አትጠጋም። አሮጊቷ ጭናቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ሉሉ፣ ነይ ዓይኔ፣ ምን አደረግኩሽ?» ሲሉ የሚመጣላቸው የለም። አንድ ቀን ሲያለቅሱ አየናቸው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ኻልቲ ሐዋ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። «ገባኝ» አለች። «ገላዋ ደርቆ ነው። በጋ ሲሆን የእኛስ ፀጉር አይንጣጣም? እናቴ ታዲያ ምን ታደርገኝ ነበር?» እናቷ የምታደርገውን እናውቃለን። ከአገር ቤት በመንገደኛ የተላከላት ለጋ ቅቤ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ አገር እንዲሸታት ብላ እናቷ አሪቲ ጣል አድርጋበታለች። እናቴ፣ «ሐዋ፣ ተይ፣ የሰው ድመት ነው» ብትላት፣ «አብሽሪ ዘይኔ፣ ሰው የዳነበት ድመት አይሞትበትም» አለቻት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሲቲን የሺራዝ ድመት ልክ እንደ ሙሽራ ከአናቷ እስከ ጭራዋ ቅቤ ቀባቻት።

ወይ ጉድ! ፍንጣሪው እውነትም ጠፋ። ሉሉም አብራ ጠፋች ብል ይሻላል። ያ ባዘቶ የመሰለ ፀጉር ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ የረጠበች አይጥ መስላ፣ ራሷን ስትልስ ዋለች። ድመት ቅቤ አገኘች አሉ! ስትልስ፣ ስትልስ፣ በማግስቱ ሆዷ ታመመና በላይም በታችም ምንጣፉን አበላሸችው። ቤቱ በሙሉ ቅቤና አሪቲ ሸተተ። ኻልቲ ሐዋ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበቻት፤ ሽታው ግን ወይ ፍንክች። ድመቷ ታጥባ ስትደርቅ ደግሞ ያ ጠሽ ጠሽ የሚለው ነገር ብሶበት ተመለሰ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ቁጣ ሆኖ ያልፍ ነበር። በማግስቱ ግን የማዳም እህት ለጥየቃ መጣች። መጋረጃው እንደተጋረደ ሲቲን ልትስም ገብታ ሉሉ ብርድ ልብሱ ላይ ስትዘል እሳት ሲረጭ አየች፤ ከዚያ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። እጇን አፏ ላይ ጭና ወጣች። መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ ክፍል ተቀምጠው ለማዳም ያለቻትን እኔ ሻይ ይዛ ከገባችው እናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። «ከድመቷ እሳት ይወጣል። ይቺ ሴት ደግሞ የማይታወቅ ነገር ቀብታታለች። ድመቷ ታመመች፣ አሮጊቷ ያለቅሳሉ። ሲሕር ካልሆነ ምንድነው ይሄ?»

ሲሕር ድግምት ማለት ነው። ያቺ ቃል በዚያ አገር ሠራተኛ ላይ ከተነሳች ቀልድ የለም። በእሷ ሰበብ ስንቷ ሴት በአንድ ሌሊት እንደጠፋች፣ የት እንደደረሰች ሳይታወቅ እንደቀረች ገንዳው ጋ ሲወራ ሰምተናል። እናቴ የሻይ ትሪውን አስቀምጣ እዚያው ቆመች። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ግን ፈራች። «ይሄ ነገር እስኪጣራ መካ አትሄድም» አለች። «ሲቲን ሌላ ሰው ይዟቸው ይሄዳል። እሷን ደግሞ... ባለቤቴ ሲመጣ እናያለን።»

እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ለኻልቲ ሐዋ በሹክሹክታ ነገረቻት። «ቆርቆሮውን ስጪኝ፣ ልጣለው። አላውቅም በይ። ሳሙና ነው በይ። ሐዋ፣ በአላህ፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ያዢ።»

ኻልቲ ሐዋ ሥራዋን አቆመች።  ከዚያ፣ «ሐጄን ነው የቀሙኝ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ሐጄን? ቅቤ ነው ዘይኔ! የእናቴን ቅቤ ነው ሳሙና የምለው? ጥፋት ያለበት ነው የሚደብቅ።» ወደ ክፍሏ ሄደች። ስትመለስ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ እንደ ሙዳይ ይዛዋለች። እናቴ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት፤ ኻልቲ ሐዋ ጎንበስ ብላ በእጇ ሥር አለፈች። ያን ረጅም አንገት ዝቅ ስታደርገው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

መጅሊሱ ውስጥ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ማዳም፣ እህቷ፣ ከክፍላቸው በወንበራቸው ተገፍተው የመጡት ሲቲ። ኻልቲ ሐዋ መሐል ምንጣፉ ላይ ቆመች። ሻሿን ፈታች። «ቢስሚላህ» አለችና ከቆርቆሮው አንድ ጭብጥ ቅቤ ዝቃ አናቷ ላይ አስቀመጠችው። ማዳም ጮኸች። ኻልቲ ሐዋ ረጋ ብላ ፀጉሯን አሸች፣ ግንባሯን አሸች፣ ጣቷን ላሰች።

«ሰምን ነው» አለች በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ፤ ቅቤን በእነሱ አፍ እንደዚያ ነው የሚሉት። «የእናቴ ላም ናት የሰጠችው። ድመቷ ስትደርቅ ቀባኋት፣ አበዛሁት፣ ሆዷ ታመመ፤ ይሄ ጥፋቴ ነው፣ ምንጣፉን አጥባለሁ። ሲሕር የሚሠራ ሰው ግን በሲሕሩ ራሱን ይቀባል?»

 ከፊቷ ላይ ቅቤው እየቀለጠ ይወርድ ጀመር። እኔ ስለዚያ ቀን የማልረሳው ቀጥሎ ያለችውን ነው። በዚያ ቤት የምትሠራ ሴት ሁሉ ፋጡማ ትባል ነበር። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ፋጡማ ነበረች፣ ከሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ፋጡማ ሆነው ቀሩ፤ እናቴም ፋጡማ ነበረች፣ ለምደነው ልብ አንለውም። ኻልቲ ሐዋ ወደ ማዳም ዞራ፣ «እኔ ፋጡማ አይደለሁም» አለች። «ስትጠሩኝ አቤት ያልኩት ስለማከብራችሁ ነው። ሐዋ ነኝ። ሐዋ ይመር። አባቴ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቁርኣን ያስቀራ ሰው ነው። የሲሕር ወሬ ሲወጣብኝ የሚወጣው በእሱ ስም ላይ ነው። ከሐጅ አስቀሩኝ፣ አላህ ያውቃል። ስሜን ግን አልሰጣችሁም።»

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን አፍ ብቻ አልነበረም ያየሁት። ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ሲቲ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው» አሉ። ቆርቆሮውን አፍንጫቸው ሥር አደረገችላቸው። አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ። «ሰምን ነው» አሉ። «መካ፣ ብርድ ሲገባ እናቴ እጃችንን በሰምን ታሸን ነበር። የእናንተው ግን ሽታው ሰው ይቀሰቅሳል!» ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን፣ ያን የደረቀ፣ እንደ አሮጌ ወረቀት የሚኮሻኮሽ እጃቸውን ዘረጉላት። «ድመቷን ተያት፣ ልጄ። እኔ ነኝ የደረቅኩት። እኔን ቀቢኝ።»

ኻልቲ ሐዋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የአሮጊቷን ጣቶች አንድ በአንድ በትንሽ ቅቤ አሸቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። በዚህ መሐል ያቺ አኩራፊ ሉሉ ከሶፋው ሥር አንገቷን አወጣች። ሆዷን እንዳልታመመች ሁሉ ቅቤ ሸተታት! ቀስ ብላ መጥታ አፍንጫዋን ወደ ሲቲ ጣት አስጠጋች።  ጠሽ አላለም። ላሰቻቸው። ሲቲ ጆሮዋን ያዙ፣ ጀርባዋን ዳበሱ፣ ምንም። ሉሉ ጭናቸው ላይ ወጥታ ተጠቀለለችና ማንኮራፋት ጀመረች። የማዳም እህት ሻይዋን አንስታ የቀዘቀዘውን ጠጣችው።

ማዳም ተነስታ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ሰውየው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ይሰማ ነበር። አየሩ ሲደርቅ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ ነው፣ በዚህ ወር የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው አላት። ክፍሉ ውስጥ ውሃ ይቀመጥ፣ የላስቲኩ ብሩሽና የናይለኑ ብርድ ልብስ ይቅር፣ ድመቷን የሚነካ ሰው እጁን ያርጥብ፣ ቅቤ ግን፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ሁለተኛ እንዳትቀቧት። ኻልቲ ሐዋ ይህ ሲተረጎምላት ትንሽ አኮረፈች። «ሐኪሙ የእናቴን ቅቤ የት ያውቀዋል» አለች። ግን ያለውን ሁሉ አደረገች።

ያደረገችውም በራሷ መንገድ ነው። ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ ሰቅላ የራሷን የጥጥ ጋቢ ሲቲ ጭን ላይ አነጠፈች። ደፋያው ፊት ሰፊ ሳህን ውሃ አስቀመጠች። ሉሉን በብሩሽ ፋንታ በእርጥብ ፎጣ ትጠርጋት ጀመር። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ሲቲ በቀን አምስቴ ለሶላት ዉዱእ አያደርጉም? ኻልቲ ሐዋ የሉሉን የመዳበሻ ሰዓት ከዉዱእ ጋር አሰረችው። ሲቲ ታጥበው፣ ሰግደው፣ እጃቸው ዳግመኛ በውሃ ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ በቅቤ ዳሰስ ተደርጎ፣ ያኔ ሉሉ ትመጣለች። ድመቷም አወቀችው፤ አዛን ሲሰማ በሩ ላይ መጥታ ቁጭ ትላለች። እኔ ከትምህርት ቤት ሮጬ ገብቼ ልነካት ስል፣ «አንቺ! ዉዱእ ሳታደርጊ ሉሉን?» ብላ ትጮህብኛለች። የቤቱ ልጆች ሁሉ ለሶላት የሰነፉት ለድመት እጃቸውን መታጠብ ለመዱ።

ማዳም የተናገረችው በሦስተኛው ቀን ነው። ወጥ ቤት መጣች፣ ገብታ የማታውቀው ቦታ። ሽንኩርት የሚልጡትን ሁለቱን ሴቶች አየችና፣ «ኸላስ» አለች፣ «በቃ» እንደማለት። «ትሄጃለሽ።» ልትወጣ ዞራ ቆመች፣ ከአፏ የማይለመድ ነገር ልታወጣ እንደተቸገረች ያስታውቅ ነበር፤ «ሐዋ» አለች። ኻልቲ ሐዋ ማዳም እስክትወጣ ጠብቃ ሽንኩርቱን ወርውራ እናቴን አቀፈቻት። እሰይ የኔ እመቤት! እኔ በግቢው ውስጥ እየሮጥኩ ለአባቴ ልነግረው ሄድኩ፤ የሐጅ ዕድሉ የእኔ ይመስል ነበር።

አባቴ ሲቲንና ኻልቲ ሐዋን መካ ሲያደርስ እኔም ከፊት ተቀምጬ ሄድኩ። የመንገዱ ዳር ተራራ ሣር የማያውቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አየሩ ከጅዳ ይብስ ደርቆ የመኪናው በር ሁላችንንም ቆነጠጠን። የሲቲ የወላጆቻቸው ቤት ኮረብታ ሥር፣ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ዘመዶቻቸው በር ላይ ተሰብስበው ሲስሟቸው አንዲት ጠና ያለች ሴት ወንበሩን የምትገፋውን ባለ ነጭ ልብስ አይታ፣ «ይቺ ማን ናት?» አለች። ሲቲ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ሐዋ ይመር» አሉ፣ የአባቷን ስም ጥርት አድርገው። «የሰው ልጅ ናት።» ኻልቲ ሐዋ ነጭ ልብስ ለብሳ ፀሐዩ ውስጥ ቆማለች፤ ኩራቱ ግን እኔን ነው የነፋኝ። በሕይወቴ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ከሐጅ ስትመለስ ሰፈራችን ካለው የስልክ ቤት ለእናቷ ደወለች። ሐይቅ ካለው ስልክ ቤት ተጠርታ የመጣችው እናቷ ድምፅዋን ስትሰማ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ «ሐጃዬ?» ከዚያ እልልታው ከስልኩ እጀታ ወጥቶ ከስልክ ሳጥኑ ውጪ ቆመን ለምንጠብቀው ለእኔና ለእናቴ ተሰማን። ኻልቲ ሐዋ እጀታውን ግንባሯ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለበሰ።

ሲቲ ከሞቱ በኋላ ነው አገሯ ጠቅልላ የገባችው። ሐይቅ ቤት ሠርታ፣ ወልዳ፣ ሐጃ ሐዋ ተብላ ኖራ፣ ሁለት ዓመት አለፋት ከሞተች። አላህ ይርሐማት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት እውነት ነው።

እሷ ከጅዳ በሄደች ሰሞን በእሷ ቦታ አንዲት ልጅ መጣች፤ የወሎ ልጅ፣ ሻሿ ቅንድቧ ድረስ የወረደ፣ ፌስታሏን ደረቷ ላይ ጨምቃ የያዘች። እኔ አድጌ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ነበርኩ። ማዳም የወጥ ቤቱን በር ከፈተችላት። ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ስምሽ ማን ነው?» አለቻት። ልጅቷ በፍርሃት ቀና ብላ፣ «ፋጡማ በሉኝ» አለች፤ ኤጀንሲው እንደዚያ በይ ብሏት ኖሯል።

«እሱን አይደለም» አለች ማዳም። «የአንቺን። የአባትሽንም ጨምሪ።»

ልጅቷ ምን ጥፋት አጠፋሁ ብላ ወደ እናቴ ዞረች። እናቴ ማንኪያውን አስቀምጣ፣ «ንገሪያት ልጄ፣ አትፍሪ» አለቻት። «በስምሽ ልትጠራሽ ነው።»

«ከድጃ ሙሔ» አለች ልጅቷ፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ።

ማዳም ስሙ አልያዘላትም። «ሙሂ... ሙሓ...» እያለች ደጋግማ ሞከረችው፤ ልጅቷም ሳታውቀው ድምፅዋን እያጎላች አረመቻት። ሲሳካላት ማዳም ራሷን ነቀነቀችና፣ «ከድጃ ሙሔ፣ ግቢ» አለቻት። ልጅቷ ገባች። ከእሷ በፊት የራሷን ስም ለዚያ ቤት ያስተማረች ሴት እንደነበረች አታውቅም።